ለእርማት የተተወ ገጽ

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ጋዜጣ ላይ ስለ ፖለቲካ ጻፈ፤ እኔ ደግሞ ጽሑፉን በየሳምንቱ በመቀስ እየቆረጥኩ ደብተር ላይ ለጠፍኩ። አንባቢዎቹ «እሾሁ» ይሉታል። ካልሲውን ስፈልግለት የምውለው እኔ ምኑን እሾህ አየሁት! ሚኒስትር የሚያስደነግጠው ሰውዬ ጥርስ ሊነቀል ሲል እጄን ይዞ ነው የሚገባው።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለስንብት ጽሑፉ እንዲሆነው ደብተሮቹን አስወጣኝ። ሳሎኑ መሀል ተዘርፍጦ «እስቲ ይቺን እያት!» እያለ ራሱን ሲያደንቅ ቆየና ዘጠነኛው ደብተር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ ገጽ ለምን ባዶ ሆነ?»

«ቦታ ይዤልህ ነው» አልኩት።

ከባዶው ገጽ ትይዩ «ኮሮጆ ገልባጩ መምህር» የሚለው ጽሑፉ ተለጥፏል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አንድ የሒሳብ መምህር የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ ነበሩ። ባሌ የአንድ ሰው ወሬ አምኖ ድምፅ አጭበርብረዋል ብሎ ጻፈ። በወሩ ያው ሰው መጥቶ ዋሽቼሃለሁ አለው። «ቅዳሜ አርመዋለሁ» አለኝ ባሌ፤ እኔም አንድ ገጽ ዘለልኩለት። ቅዳሜ መጣ፣ ሌላም ቅዳሜ መጣ፤ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ መቼም አይጠፋም። መምህሩ ግን ተማሪው ሁሉ ከኋላቸው «ገልባጩ!» እያለ ሲጮህባቸው ማስተማሩን ተዉት። ዛሬም ሰፈሩ የሚጠራቸው በዚሁ ስም ነው።

«አሁን ይሄን ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ።

«እሳቸው ናቸዋ!» ጮህኩበት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ቀብራቸው ላይ ልታርም ነው?»

«የመጨረሻ ጽሑፌ እኮ ነው። ስንት ሰው ነው የሚጠብቀው…»

«ይጠብቅ! እሳቸውስ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀው የለ?»

ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እኔም አልለመንኩትም፤ ግን ፈርቼ ነበር። በዚህ ሰው እያፈርኩ ማርጀት አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ጋዜጣው ወጣ። ስንብት የለ፣ ምስጋና የለ። «መምህሩ ኮሮጆ አልገለበጡም። ውሸት መሆኑን በወሩ አውቄያለሁ። መጀመሪያ ዝም ያልኩት በስህተቴ አፍሬ ነው፤ በኋላ ደግሞ ዝም በማለቴ አፈርኩ።» ከዚህ ብዙም አይረዝም። አዘጋጁ ደውሎ «ምን ነካህ ጋሼ? በገዛ እጅህ!» አለው። ቀጥላ የመምህሩ ልጅ ደወለች። ስልኩን እኔ አነሳሁት።

«አባቴ አንብቦታል» አለች። «የተረፈ ጋዜጣ ካለ ላኩልኝ ይላል። በየጎረቤቱ ሊያድል ነው።»

ባሌ ጫማውን አጠለቀ፤ አዟሪው እጅ ላይ የቀረውን ጋዜጣ ሁሉ ገዝቶ ሄደ። የተመለሰው ሊመሽ ሲል ነው።

«ምን አሉህ?»

«ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ከዘራቸውን አንስተው ‹በሩን አንተ አንኳኳ› አሉኝ።»

«ስንት በር?»

«አሥራ ሰባት። በየበሩ ‹ጮክ ብለህ አንብብ› ይላሉ፤ እኔ አነባለሁ። አንዱ ቤት የሚያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ሞተዋል፤ ተከራዮቹ ስለ ምን እንደማወራ እንኳን አልገባቸውም። እዚያም አስነበቡኝ።» ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «የመጨረሻው በር የራሳቸው ነበር። ሚስታቸው ከፈቱልን። ‹እውነት ነው ወይ ብላ አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ለእሷም አንብብላት› አሉኝ።»

እሱ አለቀሰ። እኔ ግን ሴትየዋ ናቸው የታወሱኝ። ገበያ ላይ ስንቴ አይቻቸው አንገቴን አዙሬ አልፌያለሁ! ባዶ ገጽ ከመተው ሌላ እኔስ ምን አደረግኩ?

ሙጫውን አመጣሁ። ጽሑፉን ባዶው ገጽ ላይ አጣምሜ ለጠፍኩት።