በጎ አድራጎት አይደለም

ምንትዋብ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ስድስት ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርታለች። ሌላው ሰው በማይጣላበት ነገር፣ በቃል፣ ትጣላለች እያሉ ያሟታል። ከአለቃዋ ከአብኔዘር ጋር የተኳረፈችውም በቃል ነበር። ከውጭ የሚመጣ ክትባት ለማስለቀቅ ከእንግሊዝኛ በተረጎመችው ደብዳቤ ላይ እሷ «ሰብዓዊ እርዳታ» ያለችውን እሱ «የበጎ አድራጎት ስጦታ» ብሎ ለወጠው።

«ይሄ ለጆሮ ይጥማል፤ ሰውም ቶሎ ይገባዋል» አላት። ብትከራከር አልሰማትም። ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት ሄደ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሾፌሩ ሱሌማን ከአየር ማረፊያው የካርጎ መጋዘን ደወለ።

«ምንትዬ፣ ዕቃው አልተለቀቀም። ደብዳቤው ስጦታ ስለሚል ቅድሚያ ከሚሰጠው ከሰብዓዊ እርዳታ ሳይሆን ከስጦታዎች ተራ አስገብተውታል። ሳምንት ይፈጃል አሉኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ እስከ አስር ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው።»

ክትባቱ የሚሄደው ጎርፍ ከቤታቸው ላፈናቀላቸው ቤተሰቦች ልጆች ነበር። መጠለያው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። ምንትዋብ ዋናውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ከፋይሉ መዝዛ አወጣችና ያገኘችው ታክሲ ውስጥ ገባች።

የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ገብረሃንስ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ቀስ ብለው የሚያነቡ ሰው ናቸው። ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘረጓቸው።

«ልጄ፣ ሁለቱም ደግነት አይደለም እንዴ? ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«በጎ አድራጎት የሚያየው ሰጪውን ነው» አለች ምንትዋብ። «ሰጪው ደስ ሲለው ይሰጣል፣ ካልፈለገ ይተወዋል። ሰብዓዊ ሲባል ግን የሚታየው የተቸገረው ነው። ዘሩ፣ ሃይማኖቱ፣ ወገኑ አይጠየቅም። ሰው ስለሆነ ብቻ ሊደርስለት ይገባል፤ ያውም ሳይሞት።»

አቶ ገብረሃንስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እና በዜና ሰብዓዊ ቀውስ የሚሉት ምንድን ነው? ቀውስ እንዴት ሰብዓዊ ይሆናል?»

ምንትዋብ ቃሉን ልትሟገትለት መጥታ በራሱ በቃሉ ልትሸነፍ ነው። ከዚያ ግን እውነቱን መናገር ቀለላት።

«ልክ ነዎት። እኔም ስሰማው ያመኛል። ቀውሱማ ምን ሰብዓዊነት አለው፤ ሰው ላይ የደረሰ መከራ ነው። ሰብዓዊ የሚባለው ለመከራው የምንሰጠው መልስ ነው። ስህተቱ የእኛ ነው፣ ጌታዬ። መልሱ እጃችን ላይ እያለ ስሙን አሳስተን ጻፍነው።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠየቅኩትን ዛሬ ገና ሰው መለሰልኝ። የታረመ ደብዳቤ ከነማኅተሙ ይምጣ፣ እኔ አላቆየውም።»

ለአብኔዘር ደወለች። ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ «ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አለ። ደብዳቤውን በወረቀትም በፍላሽም ይዞ፣ ማኅተሙን በኪሱ ከትቶ፣ ላብ አጥምቆት ደረሰ። አቶ ገብረሃንስ ፊት ቆሞ «ቃሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ነግራኝ ነበር» አለ። ምንትዋብ ይህን ከእሱ አፍ እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ሱሌማን ሳጥኖቹን ማቀዝቀዣ ባለው መኪና ጭኖ ከግቢው ሲወጣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። በረዶው ገና አልቀለጠም። መኪናው በሩን ሲያልፍ ክላክሱን ደጋግሞ ነፋ፤ ተሸካሚዎቹም እጃቸውን አውለበለቡለት።

ሐሙስ ጠዋት ከመጠለያው ነርሷ ፈሂማ ደወለች። የክትባቱ ሰልፍ ድንኳኑን ዞሮ ከመንገዱ ደርሷል አለች። ከኋላዋ የሕፃናት ለቅሶ ይሰማል፤ መርፌው የቆነጠጣቸው ሁሉ በአንድ ላይ ይጮኻሉ።

«ይቅርታ፣ አላሰሙንም እኮ» አለች ፈሂማ።

«ተያቸው፣ ይጩኹ» አለች ምንትዋብ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አብኔዘርም ከወንበሩ ተነስቶ መጣ፤ የቢሮው ሰው በሙሉ ጠረጴዛውን ከቦ ያንን ጩኸት እየሳቀ አዳመጠ።