ራዲዮ በእንግሊዝኛ

ጸጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ራዲዮ» ይለዋል። ስሙ እንዲያው አልወጣለትም፤ የእሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ጢሙን ተላጭቶ እስኪነሳ የከተማውን ወሬ ከነማጣፈጫው ይጠግባል። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ደግሞ ወሬ አያቋርጥም። ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ልብስ የምትሰፋው ሚስቱ ግን ዝምተኛ ናት። በተፈጥሮዋ ይሁን ተራ አጥታ፣ የጠየቃት የለም።

ባልና ሚስቱ የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ያዘነው ለአስተማሪዋ ነበር። ነገሩ ግን ተገለበጠ። ክፍል ሲገባ ራዲዮ ድምፁ ጠፋ። በራሱ ቋንቋ ስለ አንድ ካፊያ ለማውራት ግማሽ ቀን የማይበቃው ሰው፣ በእንግሊዝኛ «ዘነበ» ብሎ ማቆም ሞት ሆነበት። «ምን አለፋችሁ» የለ፣ «እንዳትስቁብኝ እንጂ» የለ፤ ባዶ ዝናብ። ሚስቱ በበኩሏ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮቿን እንደ እጅጌና ትከሻ እየገጣጠመች ቀጠለች። ታሪክ የመናገሩን ፈተናም አለፈች። እሱ ወደቀ።

«ቅዳሜ አንድ ዕድል አለዎት» አለችው አስተማሪዋ። «ከራስዎ ሕይወት አንድ ታሪክ ይነግሩናል። ካልሆነ ባለቤትዎ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ያልፋሉ፣ እርስዎ ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ይጀምራሉ።»

መውደቁን እንኳ በቀልድ ያልፈው ነበር። እሷ ደብተሯን ይዛ ብቻዋን ወደ ሌላ ክፍል ስትገባ ግን በዓይነ ሕሊናው እየታየው በዚያው ዕለት መዝገበ ቃላት ተዋሰ።

ሳምንቱን ደንበኞቹ ላይ ተለማመደ። ጎርፍ ሱቁ የገባበትን ቀን ከመዝገበ ቃላት በለቀማቸው ከባድ ከባድ ቃላት አሳምሮ ሸመደደ። አንዳንዱ ደንበኛ ግማሽ ጢሙን እንደያዘ ሊያመልጥ ቃጣው። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ግን እስከ መጨረሻው ታገሠ።

«ስማ ራዲዮ፣ አንድም ቃል አልገባኝም።»

«እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ነዋ ጋሼ።»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን ስታወራ ጣራ ጣራውን ነው የምታየው። ኮርኒሱ ላይ ጽፈኸዋል እንዴ?»

«እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።»

«ድሮ ስታወራ ሰው ታይ ነበር። ወሬህ የሚጥመውም ለዚያ ነው። በል አሁን ጆሮዬን ሳትወስዳት ወደዚህ ተመልከት።»

ጓዳ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ሰምታለች።

ቅዳሜ ራዲዮ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመ፤ ጣራውን አየ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጣ። ሁለተኛው የት እንደ ገባ እንጃ። እጆቹ ማረፊያ አጥተው ኪሱን፣ አገጩን፣ ደግሞ ኪሱን ዳሰሱ።

ሚስቱ ብድግ አለች። ወንበሯን እየጎተተች ወጥታ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች፣ ሻርፗን እንደ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች፣ ከቦርሳዋም የሱቁን ማበጠሪያ አውጥታ ወደ ኋላ አቀበለችው።

«ጸጉሬ ረዝሟል» አለች በእንግሊዝኛ።

ክፍሉ ሳቀ።

ራዲዮ ማበጠር ጀመረ። ጎርፉ ከነከባድ ቃላቱ ከራሱ ወጥቶ ሄደ።

«አንድ ቀን» አለ፣ «አንዲት ልጅ ሱቄ መጣች። ከወንድሟ ጋር። የወንድሟን ጸጉር ቆረጥኩ። እሷን አየሁ። ብዙ ቆረጥኩ። ወንድሟ ራሰ በራ ሆነ።»

«ግማሹ ብቻ» አለች ሚስቱ ሳትዞር። ቀጥላም «ኤንድ ዜን?» አለችው።

ከዚያስ ማለቷ ነው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ብላው አታውቅም፤ መቼ አቁሞ።

«በነጋታው መጣች። ልትሰድበኝ።»

«ኤንድ ዜን?»

«ሰደበችኝ። እኔ ዝም አልኩ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «የዚያን ቀን ብቻ።»

አስተማሪዋ ከሳቋ ጋር እየታገለች ዓይኗን ጠረገች። «ሁለተኛው ደረጃ ማክሰኞ ይጀምራል» አለች። «ማበጠሪያውን እንዳይረሱ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ብቻ ማውራት የሁለቱ ደንብ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ የምታወራው እሷ ነበረች፣ እሱ ጠጠር ይመታል።

«ታሪክህ ስህተት አለው» አለች መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ። «ልሰድብህ አልመጣሁም።»

ራዲዮ ቆመ።

«የወንድሜ ጸጉር አለቀ፣ ወሬህ አላለቀም። መጨረሻውን ልሰማ መጣሁ። ስደርስ አፈርኩ። ስለዚህ ሰደብኩህ።»

ሊመልስ አፉን ከፈተ። በራሱ ቋንቋ ቢሆን ኖሮ እስከ ቤት የሚያደርስ መልስ ነበረው። አፉን መልሶ ገጠመና ከጎኗ ሆኖ መራመድ ጀመረ።

«ኤንድ ዜን?» አላት።