የታባዋ አፍ

በከተማችን በዚንደር መንገድ ላይ ሸቀጡን ይዞ የሚጮህ ሞልቷል። ሱቅ በደረቴው አለ፣ ጨርቅ በትከሻው የሚያዞረው አለ፣ የኮላ ፍሬ በትሪ የሚሸጠው አለ። አንዳቸውም ግን ከግቢ የማንወጣውን የእኛን የባለትዳር ሴቶቹን ደጃፍ አያልፉም። የምትገባው ዲላሊያ የምንላት ሴት ብቻ ናት። የእኛ ሰፈር ዲላሊያ ታባዋ ትባላለች። ጉልበቷ ቢያማትም በቀን አሥር ቤት ታዳርሳለች። ከአንዷ ተቀብላ ለሌላዋ ትሸጣለች፤ ዕቃው የማን እንደሆነ ግን አትናገርም። ሱቅ ያላቸው ወንዶች ቅር ቢላቸውም፣ እኔ ከእሷ የሚበልጥ ነጋዴ አላየሁም።

ባሌ ለሥራ ኮቶኑ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ልጄ የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ስትገባ የመመዝገቢያ ገንዘብ አጣሁላትና፣ እናቴ ለሰርጌ ከሰጠችኝ ሳህኖች ስድስቱን በድብቅ ለታባዋ ሰጠኋት። የሰርግ ሳህን መሸጥ እኛ ጋ ባልን በአደባባይ እንደ መስደብ ነው። አማቴ ሐጂያ ዙወይራ ብትሰማ ዳግመኛ ዓይኔን አታይም ነበር።

የባሌ እህት የልጇን ስም ባወጣች ቀን ሴቶቹ ተሰብስበን ሳለ ታባዋ ዕቃዋን ተሸክማ ገባች።

«እናንተ ወፍራሞች፣ ጠጋ በሉ እንጂ! ምንጣፉን ሁሉ ሞላችሁት።»

«አንቺ ስትመጪ ነው የጠበበን» አለቻት አንዷ፤ ተሳሳቁ።

ታባዋ እየሳቀች ቋጠሮዋን ፈታች። ስድስቱን ሳህኖች ስትደረድር ክው አልኩ።

አማቴ አንዱን አንስታ ገለበጠችው። ድግስ ላይ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል እናቴ በየሳህኑ ቂጥ በጥፍር ቀለም ሁለት ሰረዝ አድርጋ ነበር። እኔ ሞኟ ሳልፍቀው ሰጥቻለሁ።

«ታባዋ፣ ይሄ ሳህን ከእኛ ዘመድ ቤት የወጣ ነው» አለች አማቴ። «በድግስ ስንት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ማን ሰጠሽ?»

«ሐጂያ፣ የያዝኩት ሳህን ነው። ወሬ አልሸጥም።»

«የሰጠሽ ሰው ከሌለ ሰርቀሻል ማለት ነዋ!»

ሌባ የተባለች ዲላሊያ ከነገ ጀምሮ የሚከፈትላት በር የለም። ታባዋን ሠላሳ ዓመት በየቤቱ ያስገባት ስሟ ነው። ያም ሆኖ በዓይኗ ጥግ እንኳ ወደ እኔ አላየችም።

«እሺ፣ ሌባ በይኝ» አለችና ዕቃዋን መቋጠር ጀመረች።

አላስቻለኝም።

«የእኔ ናቸው!» አልኩ። «የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለልጄ መማሪያ ብዬ ነው።»

ታባዋ በቁጣ ዞረችብኝ። «ማን ጠየቀሽ አንቺ? ሠላሳ ዓመት ዘግቼ የያዝኩትን አፍ ዛሬ አንቺ ልትከፍቺው? ሥራዬን አበላሸሽብኝ!»

ለእኔ ስትል ስሟን ልታጣ የነበረችው ሴትዮ፣ ስለተናገርኩላት ትሰድበኛለች። አፈርኩም፣ ኮራሁባትም።

አማቴን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለቱን ሰረዞች በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ታባዋ፣ ያኔ ባሌ የታመመ ጊዜ በድብቅ እንድትሸጪልኝ የሰጠሁሽ የነሐስ ማሰሮ ማን እጅ ገብቶ ይሆን?» አለቻት።

ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አማቴን አዩዋት። ታባዋ ቋጠሮዋን ጠበቅ አደረገች።

«የምን ማሰሮ?» አለች። «ሐጂያ፣ አንቺ የነሐስ ዕቃ እንደነበረሽም አላውቅ።»