በሸሚዙ ኪስ የቀሩት ማግኔቶች

ሮቤ ገበያው ጀርባ ሬዲዮ የሚጠግነው ጉርሜሳ ሁለት ማግኔቶች ነበሩት፤ ከተሰበረ የጆሮ ማዳመጫ ያወጣቸው። የሸሚዝ ቁልፍ ቢያህሉ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ጉድ ነው! አንድ ቀን ታናሽ እህቱ ሽቶ ሁለቱን ላቀራርባቸው ስትል ጧ ብለው ጣቷን ነከሷት። ወዲያው ደም ቋጠረ።

«እሰይ! ማን ንኪ አለሽ?» ብሎ ሳቀባት። «ሲጋጩ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰባበሩት፣ አንቺ ቀዥቃዣ! ካሴት አጠገብ ደግሞ እንዳታደርሻቸው፤ ድምፁን ይበሉታል።»

ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰማያዊ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታቸውና ቆለፈው። ብዙም ሳይቆይ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ ወደ ሰሜን። ሸሚዙ እቤት ቀረ።

የጉርሜሳ መርዶ በመጣ በሳምንቱ አብሮት የዘመተ ጀሊል የሚባል የጎባ ልጅ በክራንች እያነከሰ መጣ። ካሴት ይዟል። «ለእናቴ አድርስልኝ ብሎ የቀዳው ነው» አለ።

እናትየው እትዬ ወለተኢየሱስ ካሴቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ዛሬ አልችልም። ለአርባው እሰማዋለሁ» አሉ። ከዚያ ብርድ የሚመታው ይመስል በልጃቸው ሰማያዊ ሸሚዝ ጠቅልለው ራስጌያቸው አደረጉት። ሽቶ እያየች ነበር። ግን በዚያ ሰሞን ማን ማግኔት ትዝ ይለዋል?

አርባው ደረሰ። ሰው ሁሉ ሲበተን ሽቶ ከጎረቤታቸው ከጁሀራ ቴፕ ተውሳ፣ አዲስ የባትሪ ድንጋይ ከትታ መጣች። ሸሚዙን ስትፈታ ኪሱ ከካሴቱ ብሎን ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። ያኔ ማግኔቶቹ ትዝ አሏት።

«ምንድነው?» አሉ እናቷ።

«ምንም አይደለም እማዬ... ክር ነው።» ማግኔቶቹን አላቃ ቀሚሷ ኪስ ከተተቻቸውና ቴፑን ከፈተች።

«ሀርሜ...» ብሎ እናቱን ይጠራል፤ ሹሹሹ። «እኔ ደህና...» ሹሹሹ። «ላሟ ወለ...» ሹሹሹ። ካሴቱ በዞረ ቁጥር ማግኔቶቹ የተኙበት ጎን ሲደርስ ድምፁ ይጠፋል፤ ደግሞ ይመጣል። ሽቶ እናቷ እሪ እስኪሉ ጠበቀች።

እሳቸው ግን ወደ ቴፑ ጠጋ አሉ።

«ሀርሜ...»

«ወዬ፣ ልጄ።»

«እንዴት...»

«አለሁልህ። አንተስ እህል ቀመስክ?»

እንባቸው እየወረደ ፈገግ አሉ። «ሰማሽው? እንድመልስለት እኮ ጠብቆኝ ነው የሚያወራው! ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ፤ ወንድምሽ ነው።»

ሽቶ ኪሷ ውስጥ ያሉትን ማግኔቶች ጨብጣ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«እዚሁ ይሻለኛል እማዬ» አለች። «ከዚህም ይሰማኛል።»