ሦስት ቀን የሚፈጅ ኳስ

ቀዩ ኳስ ከአንዱ ራኬት ተነስቶ ሌላው ጋ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተመታ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይደርሳል። የአዳማ ንፋስ ቆርቆሮ ሲገነጥል እንኳ ሰዓቱን አያዛንፍም።

ኳሱን ያመጣችው አሰልጣኛችን ሰናይት ናት። የክለባችን የቴኒስ ተጫዋቾች አብዛኞቻችን ሃምሳን ያለፍን፣ ለጤና ብለን የምንጫወት ሰዎች ነን። ጤናችን በጨዋታው ሲሻሻል ግን አልታየም። ጉልበት ያብጣል፣ ወገብ ይያዛል፤ ኳሱ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ሳምንቱን ሙሉ ይወራለታል። ሰናይት ሦስት ዓይነት ለስላሳ ኳሶችና አጠር ያሉ ቀላል ራኬቶች ይዛ መጣች፤ መረቡንም ዝቅ አደረገችው። ዕቃው ለሕፃናት የተሠራ መሆኑን ስንሰማ ቅር አለን። እሷም ጉልበታችሁን ጠይቁት ብላ አለፈችን።

አረንጓዴው ኳስ ትንሽ ዘገየ። ብርቱካናማውን የመታ ሰው ጥላ ሥር ሄዶ ውሃ ጠጥቶ ለመመለስ ጊዜ አገኘ። ቀዩ ሦስት ቀን ሆነ። መትተን ወደየሥራችን እንሄዳለን፤ በሰዓቱ ተመልሰን እንቆማለን። በአጠገቡ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን አንዲት የዋኔ ወፍ ተቀምጣበት መረቡን አብራው ተሻገረች። ኳስ የሚስት ሰው ጠፋ፤ ኮሚቴውም ለሰናይት የምስጋና ደብዳቤ ጻፈላት።

እኔ የምጫወተው ከጋሽ ለሜሳ ጋር ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አሸንፌያቸው አላውቅም። ሐኪማቸው ልብዎ ደክሟልና መሮጥ ይተዉ ስላላቸው ኮሚቴው ከተጫዋችነት ወደ ተመልካችነት ሊያዛውራቸው ነበር። ቀዩ ኳስ ደረሰላቸው። ሦስት ቀን የተሰጠው ሰው አይሮጥም።

በእኛ ክለብ መስመር አካባቢ ያረፈ ኳስ ምንጊዜም ለባለጋራ ይሰጣል። አንዱ “ገብቷል፣ የእርስዎ ነው” ሲል ሌላው “የለም ወጥቷል፣ ያንተ ነው” እያለ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ሩብ ሰዓት ስንገባበዝ እንቆማለን። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ አጥሩ ጋ የደረሰውንም ገብቷል እል ነበር። ታላቅ ሰውን ወጥቶብዎታል ማለት ይከብደኛል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የተሸነፍኩት በዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ግን ይህም አለበት።

ቀዩ ኳስ ይህን ይሉኝታ አሳጣን። የት እንደሚያርፍ አንድ ቀን ሙሉ ቀደም ብሎ ይታያል። የሜዳው ጠባቂ አቶ ሽብሩ ክር ዘርግተው ይለካሉ፤ ከተማው ሁሉ እያየ መዋሸት አይቻልም። በዚህ ምክንያት በግንቦት የጀመርነው ጌም ነሐሴ ላይ አርባ ለሠላሳ ደረሰ። የምመራው እኔ ነበርኩ። አንድ ነጥብ ካገኘሁ ያልቃል።

በዚያው ሰሞን ጋሽ ለሜሳ ጠርተው አስቀመጡኝና ሐኪሙ የመጨረሻውን እንደነገራቸው አጫወቱኝ። ስለ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

“መስከረምን አያዩም ብሎኛል” አሉ። “እኔ ግን ይህን ጌም ሳልጨርስ የትም አልሄድም። ስለዚህ ነቢዩ፣ ቶሎ እንዳትጨርሰው።”

“እሺ ጋሼ” አልኳቸው። ፈርቼ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት በተራቸው መቱ። ሐሙስ ቀትር ላይ ቤታቸው አረፉ። ኳሱ በዚያን ሰዓት መረቡን ገና አልተሻገረም ነበር።

ዓርብ ቀበርናቸው። ከቀብር መልስ ኮሚቴው ሜዳው ዳር ቆሞ ስለ ጨዋታው ተነጋገረ። ሊቀመንበሩ ጌሙ ይቋረጥ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሰናይት ኳስ አየር ላይ እያለ ጌም ተቋርጦ እንደማያውቅ አስታወሰቻቸው። አቶ ሽብሩ ክራቸውን ዘርግተው ኳሱ ከመስመሩ አራት ጣት እንደሚወጣ ተናገሩ። ሊቀመንበሩም ወደ እኔ ዞረው፣ ዝም ብዬ ከተውኩት ጌሙን እንደማሸንፍ ነገሩኝ፤ ከዚያ አጽናኑኝ።

ማሸነፍ አምሮኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀላል አይደለም። ለቀስተኞች መሀል ተቀምጬ ነገሩን ሳሰላስል ዋልኩ። ኳሱ መሬት ከነካ ጌሙ ያልቃል፤ ጌሙ ካለቀ ጋሽ ለሜሳ ይሄዳሉ። ሳያርፍ ከመታሁት ግን ወጣ አልወጣ የሚለው ነገር ይቀራል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ሰውየው ከተቀበሩ ወዲያ ይህ ምን እንደሚጠቅም አላውቅም ነበር። ናፍቀውኝ ነበር፣ ያንን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋቢ እንደለበሱ ከድንኳኑ ተነስተው የመጡ ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ኳሱ ከመስመሩ ውጪ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ጎንበስ አልኩና ከሥሩ መታሁት።

ሰናይት ቀስ ብላ መጣች። “ይወጣ እኮ ነበር” አለችኝ።

“ገብቷል” አልኳት።

አቶ ሽብሩ ክሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ማክሰኞ ጠዋት አቶ ሽብሩ በወዲያኛው በኩል ያለውን ቀይ አፈር ጠርገው፣ አስተካክለው ወጡ። እኔ በበኩሌ መስመሬ ላይ ቆምኩ። ኳሱ በባዶው ሜዳ ላይ ዝቅ እያለ ነበር።

አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ከወዲያኛው የኋላ መስመር አጠገብ አንድ የጫማ ዱካ ታተመ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ከፊቱ ታተመ። ችኮላ አልነበረበትም። ሦስተኛው ከኳሱ ሥር ወደ ጎን ዞሮ አረፈ፤ ተረከዙ በእርጥቡ አፈር ውስጥ ጠለቀ፣ ውሃም ቀስ እያለ ሞላው።