የሚኒስትሩ ሪባን

ዶን ክሪስፒን ምሳውን እየበላ ሳለ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ አፉም ተጣመመ። አርባ ዓመት ሲጋራ የጠቀለለበት እጁ ዝልፍልፍ አለ። ልጁ ዳማሪስ በሞተር ሳይክል ታክሲ፣ በነጂውና በራሷ መሀል አጣብቃ ሆስፒታል ስታደርሰው ሰባት ሰዓት አልሞላም ነበር።

የአዲሱ ሲቲ ስካን ማሽን ክፍል ቁልፍ የራጅ ባለሙያዋ ዩዴልካ ኪስ ውስጥ ነው። መድኃኒቱም አለ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ ያድነዋል፤ ደም ፈስሶ ከሆነ ግን ይገድለዋል። ይህን የሚለየው ፎቶው ብቻ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ አሥር ሰዓት ተኩል ካለፈ አይረባም።

በሩ ላይ ግን ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ማሽኑ ተሞክሮ መሥራት ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሚኒስትሩ ከዋና ከተማው ከሳንቶ ዶሚንጎ መጥተው ካልመረቁት ሰው አይነሣበትም።

«ዶክተር፣ ሪባኑን ፈትቼ ላስገባው። መልሼ አስረዋለሁ» አለች ዩዴልካ።

«አብደሻል እንዴ? ጋዜጠኞቹ ደጅ ቆመው?» አለ ዳይሬክተሩ ኤቫሪስቶ፣ ከረባቱን እያስተካከለ። «ሚኒስትሩ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እንዲያውም ሰውዬው ዕድለኛ ነው፤ የመጀመሪያው ታካሚ ይሆናል።»

«እንግዲያው ሳንቲያጎ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል እንላከው።»

«በምን? አምቡላንሱ ሚኒስትሩን ሊያጅብ ሄዷል። ይልቅ ለሃጩን ጥረጉለት፤ ለካሜራ ያስጠላል።»

ዩዴልካ ቁልፉን ጨበጠች፤ ነገር ግን የሥራ ውሏ የሚታደሰው በዚያው ወር ነበርና መልሳ ኪሷ ከተተችው። ስምንት አለፈ፣ ዘጠኝ አለፈ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነውና፣ ኤቫሪስቶ ለእንግዶች የተጠበሰውን ፓስቴሊቶ እየጎረሰ ጣቶቹን ይልሳል። አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ዩዴልካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሚኒስትሩ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽቷቸው ቀድሟቸው ገቡ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ዶን ክሪስፒንም ማሽኑ ውስጥ ገባ። ፎቶው ላይ የፈሰሰ ደም የለም። መድኃኒቱን በጊዜው ሊወስድ ይችል ነበር።

«ጥራቱ ግሩም ነው» አሉ ሚኒስትሩ። የዶን ክሪስፒንን ቀኝ እጅ ከአልጋው አንሥተው ጨበጡ፤ ካሜራው ብልጭ አለ። ሲለቁት እጁ ዱብ አለ። እሳቸው መዳፋቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ዳማሪስ እያለቀሰች ዩዴልካ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተ ባትኖሩ አባቴን ምን አደርገው ነበር?»

ዩዴልካ እንደ ወጉ «አብሮ ይስጠን» ብላ መለሰች። እንደዚያን ቀን ራሷን ተጸይፋ አታውቅም።