ባለፋኖሱ ሽማግሌ

«ባለፋኖሱን አምጪው እንጂ! እዚህ ምን ይገትርሻል?»

አክስት ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ግን አንድ ሳይቀሩ ሰምተው ወደ ልጅቷ ዞሩ። ልጅቷ ስንል እንግዲህ ለወጉ ነው፤ አርባ ዓመት የደፈነች፣ ድልድይ ሥር እየገባች ስንጥቅ የምትመረምር መሐንዲስ ናት። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ግን ያየ ሁሉ «አይዞሽ ልጄ» ይላታል፤ ሆዷ ባብቶ ስለነበር እሷም አልጠላችውም።

አባቷ የጥርስ ሐኪም ነበር። ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ የተነሳው ፎቶ ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ቆሟል። ሻይ የያዙ ሰዎች በፊቱ ባለፉ ቁጥር አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ።

«ሥዕሉ ከፎቶው አጠገብ ይቁም» አለች እናት ከሶፋዋ። «ከሁሉም የሚወደው እሱን ነበር። ሽማግሌው ፋኖሱን ከፍ አድርጎ ሴትዮዋን ደረጃ ሲያወርዳት።» አጠገቧ ወዳለችው ጎረቤት ዘንበል አለች። «እንዴት ያለ ጨዋ ሽማግሌ መሰለሽ! በየሥዕሉ አብሯት ነው። ‹በረደሽ ወይ? ደከመሽ ወይ?› ሲላት ነው መንገዱ የሚያልቀው።»

«ወይ ጉድ፣ ታድላ!» አለች ጎረቤቲቱ። «የኔው ባል ከታክሲ እስክወርድ እንኳን አይጠብቀኝም።»

ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረስቶ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እናትም ሳቀች። ፋርማሲስት ነበረች፤ መጀመሪያ የመድኃኒቱ ጽሑፍ ደበዘዘባት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። አሁን የሚታወቃት ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ ብቻ ነው።

ልጅቷ ተነስታ ወደ ሥዕሎቹ ክፍል ሄደች።

በዚህ ቤት «ጀርመኑ» የሚባል ሰው ነበረ። እንደ ተከራይ ነበር የሚወራለት። ከሞተ ስንትና ስንት ዘመን ያለፈው ሠዓሊ ነው እንጂ ጀርመኑ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ሐኪሙ ለስብሰባ ውጭ አገር ሄዶ፣ ዝናብ አባሮት አንድ አሮጌ ሱቅ ሲገባ፣ ከጀርመኑ ሥዕሎች አንዱን ግድግዳ ላይ አየ። እዚያው ተለከፈ። ሥዕሉ የአሥር ተከታታይ ሥዕሎች መጀመሪያ ነው፤ አንዲት ሴት ረጅም መንገድ ትሄዳለች፤ አሥሩንም አንድ ላይ የያዘ ሰው በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው፣ ብሎ የሱቁ ባለቤት ነገረው። እንዲህ ያለ ነገር ለሐኪሙ አይነገርም! የቀረ ዕድሜውን ሌሎቹን ሲፈልግ ኖረ።

«ዛሬም ከጀርመኑ ጋር ልታመሽ ነው?» ትለው ነበር እናት። «እሱስ እሺ ሞቷል፣ አንተ ራት አትበላም?» አዲስ ሥዕል በመጣ ቀን ግን ከሱ ብሳ እሷ ነበረች በሩን ሮጣ የምትከፍተው። ዓይኗ ሲጠፋ ሐኪሙ አዲስ ሥራ ጀመረ። ሲመሽ እጇን ይዞ ያቺን ጠባብ ክፍል ያስገባታል፤ አንዱን ሥዕል ያወጣና ይነግራታል። ልጅቷ ያኔ ተማሪ ነበረች። ከግድግዳው ወዲህ ሆና የአባቷን ድምፅ ትሰማለች፦ «ሽማግሌው አሁን ዞር አለ። ‹ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ክንዴን ያዢ› አላት።» ሥዕሎቹን እሷም እንደ እናቷ በጆሮዋ ነው የምታውቃቸው። ገብቶ ማየት ድሮ ክልክል ነበር፤ ክልከላው ሲነሳ ደግሞ ሥራ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ቀረ።

ክፍሉ ውስጥ ፍሬም ሠሪው ቀድሟት ቆሟል። የአባቷ ወዳጅ ነው፤ ወረቀቶቹን የሚያስቀምጥበትን ጠንካራ ካርቶን ሁሉ የቆረጠለት እሱ ነው። ሰው ሲበዛበት እዚህ ገብቶ ያለቅሳል።

«ጋሼ፣ ባለፋኖሱን ፈልጉልኝ እስቲ።»

«ሁሉም ባለፋኖስ ናቸው» አለና እጁን ታጥቦ መጥቶ መሳቢያውን ሳበ። ሐኪሙ ከአሥሩ ያገኛቸውን ዘጠኙን አንድ በአንድ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላት።

ልጅቷ አፏን ይዛ ቀረች።

ትንንሽ ናቸው። በወሬ የሰማቻቸው ደረጃዎች፣ ከተሞችና ጫካዎች ከትሪ በማይበልጥ ወረቀት ላይ ያርፋሉ ብላ አስባ አታውቅም። ጎንበስ አለች። ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፤ ጭረት ነው። ፀጉር የሚያክል ጭረት በጭረት ላይ፣ በዚያ ላይ ሌላ ጭረት፣ እንዲህ ሆኖ ሙሉ ሌሊት ተሠርቷል። በሷ ሥራ ጭረት ማለት ጥፋት ነው። ስንጥቅ ባየች ቁጥር ልኩን ትወስዳለች፣ ያለውን ያህል ትጽፋለች፣ አንዲት ነገር አትጨምርም። እዚህ ግን አንድ ሰው ስንጥቅ ብቻ ይዞ ሰማይ ሠርቷል፣ የሴት ትከሻ ሠርቷል፣ በርቀት አንዲት መብራት የበራች መስኮት ሠርቷል። እግዚኦ!

«ጀርመኑ መጀመሪያ የመዳብ ዝርግ ሰም ይቀባል» አለ ፍሬም ሠሪው በሹክሹክታ። «በመርፌ ይጭረዋል። ከዚያ አሲድ ውስጥ ይነክረዋል፤ የጫረውን አሲዱ ይበላለታል። የተበላው ላይ ቀለም ሞልቶ ወረቀቱን ይጫነዋል። አባትሽ ‹እኔም በመርፌ እሱም በመርፌ፣ የሱ በሽተኛ ግን አይጮህበትም› ይል ነበር።»

ሳቋ መጣና መሃል ላይ ቆመ። አምስተኛውን ሥዕል፣ ደረጃውን፣ እያየች ነበር። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትወርዳለች። ፋኖሱም አለ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌው የታለ?»

«የምን ሽማግሌ?»

«ፋኖስ የያዘው።»

ፍሬም ሠሪው ወረቀቱን ሳይነካ በጣቱ አሳያት። ረጅም ካፖርት፣ ከእጅጌው የወጣ እጅ። እጁ ሥጋ የለውም። ከኮሌታው በላይ ያለው የራስ ቅል ነው።

«ይሄማ ሞት ነው፣ የኔ ልጅ» አለ።

ዘጠኙንም ደግማ አየች። በመጀመሪያው መንገድ ዳር ቆሟል። በሦስተኛው ሕዝብ መሃል ከኋላዋ ነው። በሰባተኛው ጀልባ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል፣ ያው አጽም። «በረደሽ ወይ» የሚለው ያ ጨዋ ሽማግሌ፣ እናቷ እንደ ዘመድ የምታወራለት፣ አባቷ ከግድግዳው ወዲያ ድምፁን እየለወጠ ሲያናግርላት የኖረው፣ ይሄ ነው።

«ዋሽቷታል» አለች።

«እኔ ፊት ነግሯት አያውቅም» አለ ፍሬም ሠሪው ግራ ገብቶት። «አታውጪው በቃ። አክስትሽ አይታ ዝም የምትል ይመስልሻል?»

ልጅቷ ወደ ሳሎን ተመለሰችና «የፍሬሙ መስታወት ተሰንጥቋል» አለች። በሌለ መስታወት ላይ የሌለ ስንጥቅ አለ ብላ ስትናገር በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው።

«መስታወቱ?» አለች እናት። ፊቷን ወደ ልጇ ድምፅ አዞረች። «እሺ፣ ተይው።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሞልቶ እያለ፣ በሩ ተንኳኳ። መልእክተኛው ጠፍጣፋ ጥቅል ይዟል። የተጻፈው በሟቹ ስም ነው። ፍሬም ሠሪው ከሩቅ አይቶት ሻዩን ልብሱ ላይ ደፋ።

«አሥረኛው ነው» አለ። «የፈጣሪ ያለህ! ተስፋ ቆርጠንበት ነበር እኮ። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ለአንድ ሰው ጽፎለት ነበር።»

እናት እጇን ዘረጋች፤ ጥቅሉን ጉልበቷ ላይ አስቀመጡላት። ጠርዙን ዙሪያውን ዳበሰችው።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «ከባሌ የመጣ ነገር አለብኝ።»

«እኔም እዚሁ ልቅር?» አለች አክስት።

«አንቺ በተለይ።»

እናትና ልጅ ጠባቧ ክፍል ገቡ። እናት የምታውቃት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ እጇን ታጠበች፣ ጥቅሉን ፈታች፣ ወረቀቱን የሸፈነውን ስስ ልባስ ግን ለመግለጥ እጇ አልታዘዝ አላት። ጭንቀቷ ግልጽ ነው። ያየችውን ከተናገረች፣ የአባቷን የስንት ዓመት ድምፅ በአንድ ቃል ልታፈርስ ነው፤ ያውም ገና አፈሩ ሳይደርቅ። «ሽማግሌው» ካለች ደግሞ፣ ዓይን የሌላትን እናቷን የምታታልል ሁለተኛ ሰው ልትሆን ነው። ለዚያውም እሷ መዋሸት አትችልበትም፤ ትናንት በመስታወቱ ታይታለች።

«ንገሪኝ እንጂ» አለች እናት።

ልባሱን ገለጠችው።

«ወርዱ… ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። ቁመቱም…»

«ሲሚንቶ አላዘዝኩሽም። ምን አለበት?»

«ባሕር ዳር ነው። ሴትዮዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ይታያል፤ በሌሎቹ አይታይም ነበር። ደክሟታል፤ ግን አልከፋትም።»

«እሱስ?»

ልጅቷ የልባሱን ጫፍ አጠፈች።

«ጥርሱስ?» አለች እናት። «አሁንም ሙሉ ነው? የመጀመሪያውን ሥዕል ከውጭ ይዞ የመጣ ቀን ‹እስቲ እዪው፣ አጽም ሆኖ እንኳን አንድም የተበላ ጥርስ የለውም› ብሎ ሲያሳየኝ በሳቅ ሞቼ ነበር።»

ልጅቷ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። «ታውቂ ነበር?»

«ዓይኔ ያኔ ደህና ነበራ!»

«እና እስከዛሬ ለምን ዝም አልሽው?»

እናት ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላዋን አስተካከለች። «መጀመሪያ መጀመሪያ እንዳለው ነበር የሚነግረኝ። አጽም ነው፣ አስፈሪ ነው፣ ይል ነበር። ልቡ ደህና እንዳልሆነች ሐኪም የነገረው ሰሞን ግን፣ አንድ ማታ አጽሙን ‹ሽማግሌው› አለው። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባትሽ እኮ ፈሪ ነው፤ ስንቱን ወግቶ እሱን መርፌ ሲወጉት ዓይኑን ይጨፍናል። ዝም አልኩት። በሌላው ቀን ‹ያ ሽማግሌ ምን አላት?› ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ። እኔ ስጠይቀው እሱ ሲነግረኝ፣ ድምፁ እየጠና መጣ። ኋላማ ይቀልድበት ነበር። ለኔ ብሎ የሚያለዝበው መስሎታል፣ የኔ ሞኝ።»

ልጅቷ ዘጠኙ ያሉበትን መሳቢያ ዞራ አየች።

«ሆስፒታል መጨረሻ ላይ እጄን ይዞ ‹መጣ እኮ ሽማግሌው› አለኝ። ‹በረደህ ወይ አለህ?› አልኩት። ‹ገና አላለኝም› አለና ሳቀ። በሳቁ ሄደ።» እናት ትንፋሿን ሰበሰበች። «በይ አሁን ንገሪኝ። ያለውን ብቻ። አሥረኛው ላይ ምን እያደረጋት ነው?»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። ደጋግማ አየችው፤ ዓይኗን አላመነችውም። ያለውን ብቻ ስትጽፍ የኖረች ሴት ያለውን ለመናገር ድፍረት ጠየቃት።

«ተንበርክኳል» አለች። «ፋኖሱን መሬት አስቀምጦታል። የካፖርቱ ጫፍ ውኃ ውስጥ ገብቷል፣ ልብ አላለውም። አጎንብሶ… እማዬ፣ ጫማዋን እያሰረላት ነው። በዚያ በአጥንት ጣቱ። ክሩን ቀስ አድርጎ ነው የያዘው፣ እንዳያጠብቅባት። እሷ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች።»

ከሳሎን የሻይ ብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«ይህን አላየም» አለች እናት በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «አሥረኛውን አባትሽ በሕይወቱ አላየም።»

«አላየም። ግን ልክ ነበር፣ እማዬ። ከራሱ ፈጠረው ስንል… ጀርመኑ ራሱ እንዲህ አድርጎ ነው የጨረሰው። አባዬ ልክ ነበር!»

አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳን ወጥቶላት ያላለቀሰችው መሐንዲስ ሥዕሉ ላይ እንዳጎነበሰች ትከሻዋ ይርገፈገፍ ጀመር። እናት ከወንበሯ ተነሳች። ልቅሶውን እየተከተለች በእጇ አየሩን ዳበሰች፣ የልጇን ፀጉር አገኘች፣ ጉንጯን አገኘች። ከዚያ መዳፏን እንደ ጽዋ አጎድጉዳ ከአገጯ ሥር ያዘችላት፤ እንባው ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ።

«አልቅሺ» አለቻት። «ይዤልሻለሁ።»